ምስክር ማናገር ክልክል ነው

የፍራሽ ሥራ ነው የምሠራው። ሱቄ ከኮሌጁ በር ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ፊቱ ሱቅ፣ ጓዳው መኝታዬ፣ መሃሉ መጋረጃ። ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎች ካለፈው ዓመት ተማሪ የወረሱትን የተጨፈለቀ ፍራሽ ተሸክመው ይመጡና «ጋሼ፣ እስቲ ነፍስ ይዝሩበት» ይሉኛል። እኔ እተረትረዋለሁ፣ ጥጡን ዘርግፌ በዱላ እደበድበዋለሁ፣ እየበጣጠስኩ አፍታታዋለሁ፣ መልሼ እሞላውና በትልቁ መርፌ ዳር ዳሩን እሰፋዋለሁ። ጋሼ የሚሉኝ አርጅቼ አይደለም። ጥጡ ፀጉሬ ላይ እያረፈ ሽበት ስለሚመስል ነው።

ትምህርቴ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው። ችግሩ ብዙም አላወራም። ፍራሽ ሥራ አፍ አይፈልግም። ደንበኛው ያለውን ይላል፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ መቼ እንደሚደርስ እነግረዋለሁ፣ በቃ። ጥጡን ስደበድብ ደግሞ ብናኙ አፍ ውስጥ ስለሚገባ አፍን መዝጋት ግድ ነው። እየዋለ እያደረ ልማድ ሆነብኝ።

ከተማችን ትንሽ ናት፣ ግን ኮሌጁ ስላለ ነገር አይጠፋባትም። አርብ አርብ አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ወይ ቲያትር አለ። ክርክር የሚሉትም አለ፤ ሁለት ተማሪ ይቆምና ሊደባደብ የደረሰ እስኪመስል ይሟገታል፣ ከዚያ ይጨበጨብለትና ተቃቅፎ ይወርዳል። ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ኳስ አለ። መግቢያ አይጠየቅም፣ ማነህ ከየት ነህ የሚልም የለም። መጀመሪያ እዚህ የመጣሁ ሰሞን እንደዚህ ደስ ያለኝ ነገር አልነበረም። እጄን ታጥቤ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ እሄድና ከኋላ እቆማለሁ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ። ቀልዱ ባይገባኝም የሰው ሳቅ ራሱ ያስቃል። የሚከብደኝ ሲያልቅ ነው። ሁሉም ጓደኛውን እየፈለገ «የት ናችሁ? በዚህ በኩል ኑ!» ይባባላል። እኔም ሰው የምጠብቅ መስዬ በሩ ጋ ትንሽ እቆማለሁ። ሕዝቡ ሲሳሳ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ታላቅ እህቴ ሩቅ ነው የምትኖረው። እናታችን ካረፈች ወዲህ በስልክ እሷ ናት እናቴ። ደውላ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ጤናዬን አይደለም።

«ሰው አገኘህ ወይ?» ትለኛለች።

«አገኘሁ እቴቴ። እዚህ ሰው በሽ በሽ ነው።»

«በሽ በሹን ተወውና አንዱን ጥራልኝ እስቲ።»

አንድ ቀን እንዲህ ስታፋጥጠኝ ዝም ብዬ «ፀጉር አስተካካዩ» አልኳት። የዚያን ዕለት ተስተካክዬ ስለነበር ነው። እሷ ግን ያዘቻት። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር «ያ ፀጉር አስተካካይ ጓደኛህ ደህና ነው?» ማለት ጀመረች። ደህና ነው እላታለሁ። በመስኮቱ ሳየው ደህና ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። መቀሱ ባይንቀሳቀስም ምላሱ ይቆርጣል ይሉታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዘጋና ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ዳማ ይጫወታል። በረንዳው የከተማው ሁሉ መሰብሰቢያ ነው። ከኮሌጁ መምህራን ይመጣሉ፣ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ሹፌሮች፣ ባለ ሱቆች፣ ሥራ ፈቱም ይመጣል። አንዱ ቆርኪውን በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ይደረድራል፤ ሌላው ዙሪያውን ቆሞ ነገር ያጣፍጣል። እኔ ከመንገዱ ማዶ እያየሁ አልፍ ነበር።

አንድ ቀን ሊያስተካክለኝ አንገቴ ላይ ጨርቅ አስሮ እያለ በመስታወቱ አየኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዝም ማለት ትችልበታለህ» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

«የድሮው ምስክራችን ልጁ ጋ ሊኖር ሄደብን። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነበር። አንተ ብትሆነን ምን ይመስልሃል?»

ዳማው ላይ ምስክር እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማሁት። የበረንዳው ሕግ፣ ጣት ከቆርኪ ከተነሳ አለቀ፣ መመለስ የለም የሚል ነው። ጠቡ ሁሉ በዚያ ነው። «አንስተሃል»፣ «አላነሳሁም»፣ «ጣቴ ይኸው አለ»፣ «ዐይኔ እያየ»። ስለዚህ ከጎን አንድ ሰው ይቀመጥና ጣት ብቻ ያያል። ሲጠየቅ አንስቷል ወይም አላነሳም ይላል። ያለው አይከለስም። ኮሌጅም ከተማም ይቀበለዋል።

ልቤ ጮቤ ረገጠ። ፀጉሬ ገና በአንድ ወገን ብቻ የተቆረጠ ቢሆንም እሺ ብዬ ብድግ ልል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን የምጠብቅ ሆንኩ። ሌላው ሰው አግዳሚና ሳጥን ላይ ሲቀመጥ ለእኔ መደገፊያ ያለው ወንበር አለኝ። ስደርስ «ምስክር መጣ፣ አሳልፉት» ይባላል፣ ሰዉ ከፈት ይልልኛል። ባለ ሻይ ቤቷ ሻዬን አምጥታ ክርኔ አጠገብ ታስቀምጣለች። እህቴ ስትደውል የምነግራት አላጣሁም። የሹፌሩ ሚስት መንታ ወለደች፣ የፎቶ ኮፒው ባለቤት ቤት ጀምሮ ጣራው ላይ ቆመበት፣ የሒሳብ መምህሩን አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እንደወደደችው እሱ ብቻ ነው ያልነቃው። «ይኸው፣ ሰው በሰው ሆንክ» ትለኛለች እቴቴ፣ ድምፅዋ ሲያርፍ ይሰማኛል።

አንድ ሌላ ሕግ አለ። ቆርኪ ሰሌዳው ላይ እስካለ ድረስ ምስክር አይናገርም፣ አያናግሩትምም። ከተጠየቀው በቀር። ወሬ ዐይን ይሰርቃል ነው ነገሩ፤ ደግሞ በወሬ መሃል ምልክት የሚሰጥ አይጠፋም። ሕጉ ልክ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን በረንዳው ላይ ቆርኪ ሰሌዳውን ለቅቆ አያውቅም። አንዱ ጨዋታ ሲያልቅ ሌላው ተረኛ እየተሻማ ይደረድራል። ሲመሽ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። እኔ ከደረስኩበት እስክሄድ አፌን የምከፍተው «አንስቷል» እና «አላነሳም» ለማለት ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ጠብ ከሌለ እሱንም ሳልል እገባለሁ። ባለ ሻይ ቤቷ እንኳ ሌላውን «ስኳር ልጨምር? ምነው ከሳህ?» እያለች የኔን ብርጭቆ ዝም ብላ አስቀምጣ ነው የምትሄደው። ይሄን ነገር ያኔ ልብ አላልኩትም ነበር። ሰው መሃል ተቀምጫለሁ፣ ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል የኮሌጁና የከተማው ግጥሚያ ይደረጋል። የከተማው ሁልጊዜ ፀጉር አስተካካዩ ነው። የኮሌጁ ዘንድሮ የሒሳብ መምህሩ ነበር፤ ቀጭን ልጅ፣ ጨዋ፣ ቆርኪ ሲበላ ይቅርታ የሚል። በረንዳው ጢም አለ። ተማሪዎች የመስኮቱ ደፍ ላይ ተንጠላጠሉ። ሻንጣቸውን የያዙም ነበሩ፣ በዚያው ወደ መናኸሪያ ሊሄዱ።

«ብላ እንጂ መምህር» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «ጥርስህን ያምሃል እንዴ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እያሰብኩ ነው።»

«አስብ፣ አስብ። ፀጉርህ ገና ብዙ ነው፣ እስኪመለጥ ድረስ ማሰብ ትችላለህ።»

ሰዉ ይስቃል። እኔ ጣት ጣታቸውን ነው የማየው።

አንዲት ሴትዮ ከወንበሬ አጠገብ ያለው ሳጥን ላይ መጥታ ተቀመጠች። ልጇን ከኮሌጁ ልትወስድ ከሌላ ከተማ የመጣች ናት፤ ልጅቷ ማዶ ከጓደኞቿ ጋር እየተቃቀፈች ትሰናበታለች። ሴትዮዋ መሀረቧን እያራገበች ትንሽ ቆየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

«ወንድሜ፣ ፀጉርህ ላይ ጥጥ አለ» አለችኝ።

ሕጉን አታውቅም። ዐይኔን ሳልነቅል አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁላት።

«ፍራሽ ሠሪ ነህ አይደል? አባቴም ፍራሽ ሠሪ ነበሩ። ማታ ሲገቡ እኛ ልጆቻቸው ተሻምተን ጥጡን ከፀጉራቸው እንለቅም ነበር። ደስ ይላቸው ነበር፣ እንቅልፍ ያሸልባቸው ነበር።» መሀረቧን አጠፈችና፣ «ላንተስ ማን ይለቅምልሃል?» አለች።

ዞርኩ። ምን ነካኝ አላውቅም፣ ፊቴን አዙሬ አየኋት። ደግ ፊት ነው ያላት፣ ያላበው፣ የደከመው። አፌን ከፈትኩ፣ ምን ልል እንደነበር አሁንም አላውቅም። ቃል ከመውጣቱ በፊት በረንዳው በአንድ ድምፅ ጮኸ።

መምህሩ «ይቅርታ ጋሼ፣ እጅዎን አንስተዋል» ይላል።

«ማን፣ እኔ? አላነሳሁም። ጣቴ ይኸው፣ እላዩ ላይ አይደለም?»

«አንስተው ነው የመለሱት።»

«ዝንብ እሽ ብዬ እንደሆነስ? በአውራ ጣቴ ይዤዋለሁ!»

ሰሌዳውን አየሁ። ጣቱ ከቆርኪው ከተነሳ ፀጉር አስተካካዩ አለቀለት፣ መምህሩ በተከታታይ ጠራርጎ ይበላዋል። ካልተነሳ ደግሞ የሚያሸንፈው እሱ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ምስክር» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ተረጋግቶ ነበር። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠኝ እሱ ነው።

አንስቷል ብል ከተማው ይጠምደኛል። አላነሳም ብል እሱ ደስ ይለዋል፣ ማን ያውቃል፣ እውነትም አላነሳም ይሆናል። ሁለቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። ግን አንዱንም አላየሁትም።

«አላየሁም» አልኩ።

ከዚያ ሹፌሩ «እንግዲህ ምስክራችን ራሱ ምስክር ያስፈልገዋል» አለና ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም።

«እንዴት አላየህም? ዐይንህ የት ነበር?»

ሴትዮዋ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያናገርኩት» አለች።

«እናቴ፣ ምስክር አያናግሩትም። ክልክል ነው።»

«ምን አደረገና?»

«ሕግ ነው። ቆርኪ እያለ ማንም አያናግረውም።»

ሴትዮዋ ሰሌዳውን አየች፣ ተሰልፎ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ አየች፣ እኔን አየች። «ታዲያ ይሄ ሰው ቀኑን ሙሉ ማንም ሳያናግረው ነው እዚህ የሚውለው?» አለች። ለጠብ አላለችውም። ገርሟት ነው።

ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እኔ እያየ ዐይኑን መለሰ። ባለ ሻይ ቤቷ ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ጎንበስ አለች። እኔ ክው አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ከሳቁ ይልቅ ይሄ ከበደኝ። ሁላችንም ስናውቀው ኖረን አሁን ገና ያወቅነው መሰለ።

«እማዬ፣ ነይ በቃ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው» ብላ ልጅቷ ክንዷን ያዘች። ሴትዮዋ «አይዞህ ወንድሜ» ብላኝ ሄደች። ጥያቄዋን አልመለስኩላትም።

መምህሩ «ግዴለም፣ ይመልሱት ጋሼ፣ እኔ እተወዋለሁ» አለ። ፀጉር አስተካካዩ በዚህ ባሰበት። «ማንም አይተውልኝም!» ብሎ ቆርኪውን በሁለት እጁ ዝርግፍ አደረገው። የኮሌጁ ሰዎች አሸነፍን ብለው እየጨፈሩ ሄዱ፣ የከተማው ሰዎች የለም ብለው ቀሩ። እኔ ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አሳልፉት ያለ አልነበረም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልሄድኩም። በወዲያኛውም አልሄድኩም። ተማሪ የለም፣ ከተማው የተደፋ ጣሳ ሆኗል። አዳራሹ ተቆልፏል፣ ሜዳው ላይ የሰው ፍየል ይግጣል። የሚሰፋ ፍራሽ ስላልነበረኝ የራሴን ተርትሬ እንደገና ሠራሁት።

እህቴ ደወለች። «ሰው ደህና ነው?»

«የለም እቴቴ» አልኳት።

«ምኑ ነው የለም?»

«ሰው።»

የሷ ልጆች ከኋላ ሲንጫጩ ይሰማል። «እኔ ደግሞ ይኸው ደስ ብሎት ይኖራል ብዬ» አለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራችኝ፣ ስትዘጋ ግን ሁልጊዜ ከምትለው ላይ «አንተው ቀድመህ አናግራቸው እስቲ» የሚል ጨመረች።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የተንጠለጠሉትን የፍራሽ ጨርቆች እየዳበሰ ትንሽ ቆየ።

«ሹፌሩን ምስክር አደረግነው» አለ። «ጉድ ነው የሠራን። ሁለታችንንም ቁጭ አድርጎ ጨዋታውን እሱ ይጫወተዋል። አንስቷል ወይስ አላነሳም ስትለው እዚያ ጋ ብትሄድ ይሻልህ ነበር ይልሃል። ተመለስ።»

መርፌው እጄ ላይ ነበር። «እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አልኩት። ድምፄ ለራሴም ቀጠነብኝ።

«ተቀየምከኝ እንዴ? እኔ ስለ ጨዋታው ነው የተናደድኩት። ሳያይ አየሁ የሚል ነው ብዙው፤ አንተ አላየሁም አልክ። አሁን የኮሌጁ መምህራንም አንተን ነው የሚሉት።»

«አልተቀየምኩም። አግዳሚው ላይ ልቀመጥ።»

«አግዳሚው ላይ ማንም ይቀመጣል።»

«አዎ።»

አየኝ። «አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ማውራት አለበት እኮ። አለዚያ ሰውን ያስጨንቃል። አንተ ምን ታወራለህ?»

አሰብኩ። ጥጥ፣ መርፌ፣ ጨርቅ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። «እንጃ» አልኩት።

ሊስቅ ብሎ ተወው። «እሺ፣ ና ብቻ» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ሄድኩ። የምስክሩ ወንበር ላይ በሹፌሩ ፋንታ የፎቶ ኮፒው ባለቤት ተቀምጦ ዐይኑን አፍጥጧል። አግዳሚው ላይ ሹፌሩና ሁለት ሌሎች ነበሩ፣ ተጠጋጉልኝና ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ወሬያቸውን አቆሙ። ክፉ ሆነው አይደለም። ለምደውኝ ነው፤ እኔ ካለሁ ዝም ይባላል። ባለ ሻይ ቤቷ ሻዬን አምጥታ አስቀመጠችና ልትሄድ ብላ ተመልሳ «ስኳር ልጨምር?» አለችኝ። ይበቃል አልኳት። ቆይቼ ሳስበው ጨምሪልኝ ብል ኖሮ ትንሽ ትቆይ ነበር።

አንድ ጨዋታ አለቀ፣ ሌላ ተጀመረ። አፌ ውስጥ ጥጥ የሞላ ያህል ነበር። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ።

«ሙቀቱ አይጣል ነው» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም።

«አይጣል ነው» አልኩ እኔ።

እሱ ወደ ጨዋታው ዞረ። እኔ የምጨምረውን ስፈልግ ቆየሁ። ሲመጣልኝ ጊዜው አልፎ ነበር፣ ግን አልኩት። «ሌሊትም ይሞቃል።»

«ምን አልክ?»

«ሌሊትም ይሞቃል አልኩ።»

«እሱንስ ተወው። እኔ መንታዎቹ አንድ ጎን፣ እናታቸው አንድ ጎን፣ ፍራሹ ደግሞ እሳት ነው። ሲነጋ ከምድጃ የወጣሁ ነው የምመስለው።»

«ስፖንጅ ነው?»

«ስፖንጅ ነው።»

«ስፖንጅ ይሞቃል። ሙቀቱን ይዞ ያስቀምጠዋል። ጥጥ ቢሆን ይተነፍስ ነበር።»

«ፍራሽ ይተነፍሳል?»

«ይተነፍሳል። ፀሐይ ላይ ካወጣኸው ያብጣል፣ ሲተኙበት አየሩን ቀስ እያለ ያወጣዋል።»

«ኧረ ባካችሁ ዝም በሉ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከሰሌዳው ላይ ቀና ሳይል። «ሰው እያሰበ ነው እዚህ።»

ሹፌሩ ትከሻውን ወደኔ ነቅነቅ አደረገና ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጆሮዬ ድረስ ግሎኝ ነበር።

ሲመሽ ሁሉም እንደ ድሮው በየፊናው ተበተነ። ሹፌሩ በል ደህና እደር ብሎኝ መንታዎቹ ጋ ሄደ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከመምህሩ ጋር እየተከራከረ ወረደ። እኔ ብቻዬን በመንገዱ ተመለስኩ። የኮሌጁ መብራት ጠፍቷል፣ የተዘጉት ሱቆች ደጃፍ ላይ ወረቀት ንፋስ ይነዳዋል። ሱቄን ከፍቼ፣ መጋረጃውን ገልጬ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ለሹፌሩ ያልነገርኩት ነገር ነበር። ጥጡ ፀሐይ ላይ የሚወጣው በማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ ከሆነ ይደርቅና ሲደበድቡት ይበናል። ልጆች ላለው ቤት ደግሞ ጥብቅ ብሎ ይሰፋል እንጂ ልል አይደለም፣ ልል ከሆነ በአንድ ወገን ይከማቻል። ይሄን ሁሉ ልለው እችል ነበር።

ለቅዳሜ አስቀመጥኩት።